የሚንቀጠቀጥ እጅና የመድኃኒቱ ሰዓት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው ፓርኪንሰን ስለሚባለው ደዌ፥ ይልቁንም ይህን ደዌ ስለሚያስታግሰው መድኃኒት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደ ብዙዎቻችሁ የቢሮ ሰው ነኝ። የምናገረውም በገዛ ቤተ ዘመዴ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ ተወስኖ የሚቀር ስላልሆነ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ላስታን ያየ ሰው አሸተን ማርያምን ያውቃታል። ከላሊበላ ከተማ በላይ፥ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከተራራው ዐለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊት ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ጋር ያያይዛታል። ከከተማው ተነሥቶ ወደ እርስዋ የሚወጣ ሰው በእግሩም ሆነ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል ዳገት ይጠብቀዋል፤ ወደ ደጅዋ ሲቃረብም በዐለት መካከል በተሰነጠቀ ጠባብ መተላለፊያ ማለፍ አለበት። የእናቴ ወንድም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ30 ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፥ ወደ ተወለዱበት ወደ ላስታ ተመለሱ። በየወሩ በ21 ቀን፥ በእመቤታችን በዓል፥ ይህን ዳገት ወጥተው ማስቀደስ ልማዳቸው ነበረ። ጕልበታቸውን የሚያውቅ ሁሉ «እርሳቸው እንደ ዋልያ ናቸው» ይል ነበር።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጸሐፊ ስለ ነበሩ፥ የሰፈሩ ዕድርም መዝገቡን ለእርሳቸው አስረከበ። ደዌው በመጀመሪያ የታየው በዚያ መዝገብ ላይ ነው። አንድ ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ መዝገቡን ሳገላብጥ፥ የቀድሞው ጽሕፈታቸው ጕልሕና የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፥ የኋለኛው ግን ከመሥመሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው እያነሰ፥ እያነሰ ሄዶ እንደ ጕንዳን ሠራዊት ሆኗል። «ጋሼ፥ መነጽርዎ ደክሟልን?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «መነጽሬስ ደኅና ነው፤ እጄ ነው የሚሰስትብኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሥቀን አለፍነው። ዳሩ ግን ሣቁ ያለ ዕውቀት የመጣ ሣቅ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ቀኝ እጃቸው በጭናቸው ላይ ዐርፎ ሳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዕቃ ለማንሣት ሲዘረጉት መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ሲሄዱ እርምጃቸው አጠረ፤ አንዱ ክንዳቸው መወዛወዙን ተወ። ቍልፍ ለመቈለፍ ረዥም ጊዜ ይፈጅባቸው ጀመር። ፊታቸው ደረቀ፤ ፈገግታቸው ጠፋ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። የሚያውቋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ «ኰርተዋል፤ ሰላምታ እንኳ አይመልሱም» አሉ፤ ሌሎቹም በመንገድ ሲንገዳገዱ አይተው «መጠጥ ጀመሩ» ብለው አሙአቸው። ቤተ ሰቡ በበኩሉ «እርጅና ነው» ብሎ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኵራትም፥ ስካርም፥ እርጅናም አልነበረም። ስም ያለው ደዌ ነበረ፤ የሚያስታግሰውም መድኃኒት ነበረው።

ይህን ደዌ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ አጠቃልሎ የጻፈው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1817 ዓ.ም. ነበር። ስሙም ከእርሱ ተወሰደ። ደዌው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በአንጎል ውስጥ፥ በጥልቅ ስፍራ፥ ቀለማቸው የጠቈረ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸውም ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ነው። ዶፓሚን የእንቅስቃሴ መልእክተኛ ነው። «እጅህን አንሣ፤ እግርህን አራምድ» የሚለው ትእዛዝ ያለ መሰናክል የሚፈጸመው በእርሱ አማካይነት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ መልእክተኛው ያንሳል፤ አካል ይዘገያል፥ ይደርቃል፥ ብዙውን ጊዜም ይንቀጠቀጣል። ምንም ሳይንቀጠቀጥ እንቅስቃሴው ብቻ የሚዘገይ ሕመምተኛም አለ።

በአገራችን ይህ ደዌ አዲስ ወሬ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ባሳተሙ ጊዜ፥ ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች ከ100,000 ሰው 7 ያህል መሆናቸውን ገልጸዋል። ቍጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ደዌው ይበልጡን የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ስለ ሆነ፥ ሕዝብ ዕድሜው በረዘመ መጠን ሕመምተኛውም ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በመላው ዓለም ከ8.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ደዌ እንደ ተያዙ ገምቷል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ታሪክ እንለፍ። ታሪኩ የሚጀምረው የላስታ ገበሬ አሳምሮ በሚያውቀው በባቄላ መሆኑ ያስደንቃል። ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት በስዊስ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. ሌቮዶፓ የተባለውን ንጥረ ነገር ከባቄላ አወጣ። ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ራሱ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቢውጥ ክፉኛ አስታወከው፤ ጥቅሙንም ሳይደርስበት ቀረ። ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1957 ዓ.ም.፥ አርቪድ ካርልሰን የተባለ የስዊድን ሊቅ በመድኃኒት ኀይል ደርቀው የቀሩ ጥንቸሎችን ሌቮዶፓ በመውጋት እንደ ገና አስነሣቸው። ለዚህና ለተከታዩ ሥራውም በ2000 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በቪየና በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚን እንደ ጐደለው አሳየ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከሐኪሙ ከቫልተር ቢርክማየር ጋር ሆኖ ሌቮዶፓ ለሕመምተኞች እንዲወጋ አደረገ። ተኝተው የነበሩት ተነሡ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ መድኃኒቱን በአፍ፥ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያሳደገ በመስጠት የብዙ ቀን መድኃኒት አደረገው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንድ ሰው፥ «የጐደለው ዶፓሚን ከሆነ ስለ ምን ራሱን ዶፓሚንን አይውጥም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ይህ ነው፤ አንጎል ኬላ አለው፤ ዶፓሚንም በዚያ ኬላ አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ በውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ችግሩ፥ ብቻውን ቢዋጥ አብዛኛው ከአንጎል ሳይደርስ በመንገድ ላይ መለወጡና ሰውየውን ማስታወኩ ነው። ስለዚህ ካርቢዶፓ ወይም ቤንሴራዛይድ የሚባል አጃቢ ይጨመርለታል። አጃቢው ራሱ ወደ አንጎል አይገባም፤ ሥራው ሌቮዶፓን በመንገድ ከመባከን መጠበቅ ነው። በእንክብሉ ሣጥን ላይ 25/100 ወይም 25/250 ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ፊተኛው የካርቢዶፓ፥ ኋለኛው የሌቮዶፓ ሚሊግራም ነው። ሁለቱ ሣጥኖች በስም ቢመሳሰሉም በኀይል አይተካከሉምና፥ ከፋርማሲ የተቀበለ ሰው ቍጥሩን ሳያነብ ወደ ቤቱ አይሂድ።

በዚህ ላይ «እንግዲያውስ ባቄላ እንብላ» የሚል አይጠፋም። ባቄላ መልካም ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይተካም። በአንዱ ማሳ ያለው የሌቮዶፓ መጠን ከሌላው ማሳ፥ እሸቱም ከደረቁ ይለያያል፤ አጃቢውም ከእርሱ ጋር የለም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ እሸት ባቄላ ቢጨምርበት መጠኑ ከሚገባው በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሳይነግር ሰው በራሱ ሥልጣን ጓሮውን ፋርማሲ አያድርገው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ አምጥተናቸው አንድ የነርቭ ሐኪም መረመራቸው። ጽሕፈታቸውን አየ፤ አስነሥቶ አስኬዳቸው፤ ጣታቸውን አስከፍቶ አስጨበጣቸው፤ ከዚያም ደዌውን በስሙ ነገራቸው። «ይህ መድኃኒት ደዌውን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ነገር ግን አካልዎን ይመልስልዎታል» አለ። ከትንሽ መጠን ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከፍ አደረገላቸው፤ የመጨረሻው ትእዛዝም በቀን ሦስት ጊዜ፥ ጧት በ12 ሰዓት፥ ቀን በ6 ሰዓት፥ ማታ በ12 ሰዓት ሆነ። በሁለተኛው ወር ቍልፋቸውን ራሳቸው ቈለፉ። በአራተኛው ወር በበቅሎ ወደ አሸተን ወጡ፤ ጠባቡንም መተላለፊያ በእግራቸው አለፉ። የዕድሩም መዝገብ ጽሕፈት መልኩን መለሰ።

የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 1 ቀን ሲገባ፥ አጎቴ በአሸተን ሱባዔ ሊይዙ ቈረጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ፥ የጧቱና የቀትሩ እንክብል ጾማቸውን የሚሽርባቸው መሰላቸው። ደግሞም «ጠበል እየጠጡ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጕደል ነው» የሚል ሰው አግኝተው ነበር። ለማንም ሳይናገሩ ሣጥኑን በቤት ትተው ወጡ። በሁለተኛው ቀን አካላቸው ከበደ። በሦስተኛው ቀን ከተኙበት መገልበጥ አቃታቸው። በአራተኛው ቀን እንደ ዕንጨት ደረቁ፤ ትኵሳታቸው ነደደ፤ ላብ አጠመቃቸው፤ ውሃ እንኳ መዋጥ ተሳናቸው። የክረምት ጭቃ ባለበት በዚያ ገደላማ መንገድ፥ ስምንት ጐልማሶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ አወረዷቸው። ልጃቸው በስልክ ሲነግረኝ ድምፁን ሰምቼ ሞተዋል ብዬ ነበር።

በሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው «ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር? መቼ አቋረጡ?» ብሎ ነው። ልጃቸው ሣጥኑን ይዞ መምጣቱ አዳናቸው። መዋጥ ስለማይችሉ፥ መድኃኒቱ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ተሰጣቸው፤ ፈሳሽም በደም ሥር ተሰጣቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፥ በሌቮዶፓ የሚኖር ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ እንዲህ ያለ የአካል መድረቅና ብርቱ ትኵሳት ሊከተል፥ ሞትም ሊያመጣ ይችላል። መቀነስ ወይም መለወጥ ቢያስፈልግ እንኳ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፥ ቀስ በቀስ ነው።

ካገገሙ በኋላ የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። እኒህም አባት ተቈጡ። «ልጄ፥ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ስለ ዋጠ ጾሙ አልፈረሰም። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ ጌታ ነው። አንዱን ይዘህ ሌላውን ጣል ያለህ ማን ነው? ለምን አስቀድመህ አልጠየቅኸኝም?» አሏቸው። ይህን ቃል ዛሬ በሬዲዮ ለእናንተ የማቀብለው፥ በየጠበሉ ስፍራ መድኃኒታቸውን ትተው የሚሄዱ ዘመዶች ያሉን ብዙዎች ስለ ሆንን ነው። ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም አስቀድሞ መጠየቅ ቃሬዛ ከመሸከም ይቀላል።

እንግዲህ ከሐኪሞች የተረዳሁትን ዋና ዋና ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሌቮዶፓ በደም ውስጥ ብዙ አይቈይም፤ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ያልቃል። ስለዚህ በሰዓቱ የተዋጠና ዘግይቶ የተዋጠ እንክብል እኩል አይደሉም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የአንዱ እንክብል ኀይል ከሚቀጥለው ሰዓት በፊት ማለቅ ይጀምራል፤ አንዳንዱም ሰው አካሉ ሳይፈቅድ ይወዛወዝበታል። ይህ ሲሆን ሕመምተኛው በራሱ መጠን አይጨምር፥ አይቀንስም፤ ሰዓቱን ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። የሥጋ፥ የወተት፥ የዕንቍላልና የጥራጥሬ ገንቢ ምግብ ከሌቮዶፓ ጋር በአንድ በር ይጋፋል። በፋሲካ ዕለት ከዶሮ ወጡና ከሥጋው በኋላ እንክብሉን የዋጠ ሰው «ዛሬስ መድኃኒቱ እንቢ አለኝ» የሚለው ስለዚህ ነው። በጾምም ቢሆን ሽሮውና ምስሩ ያው ገንቢ ምግብ ናቸው። እንግዲህ መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ፥ በውሃ መውሰድ ይመረጣል። በመጀመሪያው ሰሞን የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ሐኪሙ ከጥቂት ቂጣ ወይም እንጀራ ጋር እንዲወስደው ሊፈቅድለት ይችላል። የደም ማነስ የብረት እንክብልም ከሌቮዶፓ ጋር አብሮ አይዋጥም፤ ኀይሉን ይቀንሰዋልና።

ሦስተኛው የማይስማሙትን መድኃኒቶች ማወቅ ነው። ለማቅለሽለሽ በብዛት የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚከለክል ፓርኪንሰንን ያባብሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉትም እንዲሁ ናቸው፤ ጭራሽ ጤነኛ የነበረውን ሰው ፓርኪንሰን የያዘው ሊያስመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ የትኛውም ሐኪም፥ ለጥርስም ይሁን ለሆድ፥ ሲሄድ የመድኃኒቶቹን ስም በወረቀት ይዞ ይሂድ።

አራተኛው የመድኃኒቱን ጠባይ ማወቅ ነው። ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሡ ማዞር፥ ሌሊት የሚያስደነግጥ ሕልም፥ የሌለ ነገር ማየት ሊያመጣ ይችላል፤ ሽንትንና ላብን ሊያጠቍር ይችላል፤ ይህ የመጨረሻው ጕዳት የለውም። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፊኒዲል ደግሞ አፍ ያደርቃል፥ ሆድ ያደርቃል፥ በሽማግሌዎችም ላይ ሐሳብን ያውካል። ፕራሚፔክሶልና የመሳሰሉት እንቅልፍ ከማምጣት አልፈው አንዳንዱን ሰው ያለ ልማዱ ገንዘብ አባካኝ ወይም ቍማርተኛ ሊያደርጉት ይችላሉ። ይህ ሲታይ የጠባይ ብልሽት ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት ለሐኪም መንገር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ጋር፥ መድኃኒቱ በየከተማው ሁልጊዜ እንደማይገኝ፥ ሲገኝም ዋጋው ለጡረተኛ እንደሚከብድ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ሊቃውንቱም ገና ጥቂት ናቸው፤ ከላስታ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛ ያለው ቤተ ሰብ ሣጥኑ እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ የሚቀጥለውን አስቀድሞ ይፈልግ። በከተማ የምንኖርም ለገጠር ዘመዶቻችን ከምንልከው ቡናና ስኳር ጋር ይህን ማሰብ ይገባናል። በዚህ ደዌ ራሳቸው የተያዙት ወ/ሮ ክብራ ከበደ ያቋቋሙት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትም ሕመምተኞችን በማሰባሰብና ስለ ደዌው በማስተማር የሠራ ድርጅት ነው። ሰው የደዌውን ስም ተናግሮ ከመሰሎቹ ጋር ሲቀመጥ ግማሹ ሸክም ይወርድለታል።

ለእናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ይህ ደዌ ጡረታ ሳይወጣ የሚይዘውም ሰው አለ። ከአጠገባችሁ ያለው ጸሐፊ ጽሕፈቱ ቢያንስ፥ ፊቱ ቢደርቅ፥ ማኅተም ሲያነሣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፥ «ሰነፈ» ወይም «ጠጣ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «ሐኪም አይቶሃልን?» ብላችሁ ጠይቁት። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥበት አምስት ደቂቃ ለመፍቀድ ደንብ ማሻሻል አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ የተነፈገ ሰው ግን ሙሉ ቀኑን ያጣል።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት አሉ። ደዌው ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ እርምጃቸው ከዓመት ወደ ዓመት ይከብዳል። በወር በ21 ቀን፥ ጕልበታቸው በፈቀደ ጊዜ፥ ልጃቸው በቅሎዋን እየሳበ ወደ አሸተን ያወጣቸዋል። እንክብሎቹ በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠሩ ናቸው። ባለፈው ስጠይቃቸው አንድ መዝገብ አሳዩኝ፤ የዕድሩ መስሎኝ ገለጥሁት። ለካ የመድኃኒታቸው ነው። በየቀኑ ሦስት መሥመር፥ ሰዓቱ፥ የዋጡት፥ አካላቸው የተፈታበትና የደረቀበት ጊዜ ተጽፎበታል። «የመንግሥትን መዝገብ 30 ዓመት ሳላጓድል ጠበቅሁ፤ የራሴን ግን አራት ቀን ባጓድል በቃሬዛ ወረድሁ» አሉኝ።

እኔም ከዚህ የሚሻል መደምደሚያ የለኝም። መድኃኒቱ ባለበት ቤት ሰዓቱ ይጠበቅ፤ መድኃኒቱ በሌለበት ቤት የደዌው ስም ይታወቅ፤ ማንም ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቋርጥ።